የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ወጣቶች፦ ምክሩ ከሐረር ሲመዘን

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች በሞቀ ገንዳ ውስጥ ቢንቀሳቀሱ ወይም ዋና ቢማሩ እንደሚጠቀሙ የሚገልጹ ጽሑፎች ከሃያ ዓመት ወዲህ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ላይ በርከት ብለው መታየት ጀምረዋል። ጽሑፎቹ የሚወጡት የሞቀ ገንዳ፣ የሠለጠነ አሠልጣኝና ምቹ መጓጓዣ እንደ ተራ ነገር ከሚቆጠሩባቸው አገሮች ነው፤ የሚነበቡት ግን በየትም ነው። በሐረር የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያም «ልጁ ዋና ቢለማመድ ጥሩ ነበር» የሚለውን ቃል ለአንዲት እናት በቅን ልቦና ሊናገር ይችላል። እናቲቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ከጁገል ጠባብ መንገዶች በዘመድ ትከሻ አስወጥታ፣ ባጃጅ ተኮናትራ የመጣች ብትሆን፣ ምክሩን ተቀብላ ከበሩ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ አልተነገራትም። እንዲህ ያለው ምክር ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ ቤተሰቡ የሚችለውን ትቶ የማይችለውን እንዲመኝ ያደርጋልና። ስለዚህ ምክሩ ከመሰጠቱ በፊት ማስረጃው በእርግጥ የሚለው ምን እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ሐረር ሊደርስ የሚችለው የትኛው ክፍል እንደሆነ መመርመር ይገባል።

የውሃው ጠባይ ራሱ ብዙ አያከራክርም። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ ደረቱ ሲገባ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ እስከ አንገቱ ከሆነ የሚቀረው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በየብስ ላይ ያለ ደጋፊ መቆም ያቃተው ወጣት ውሃ ውስጥ ሊቆምና ሊራመድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ክብደትን ያቀላል እንጂ ሥራን አያስቀርም፤ እጅና እግር በፈጠኑ ቁጥር የሚገጥማቸው ግፊት ስለሚበረታ ጡንቻም ልብም ይሠራሉ። ለሕክምና የሚውል ገንዳ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በዚህ ሙቀት የተገታተረ ጡንቻ ይላላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ጡንቻው ይበልጥ ይኮማተራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥናቶቹ ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ቢሆንም ወደ ሐረር ሲመጣ ዋና ጉዳይ ይሆናል።

ከውሃው ጠባይ ተነሥቶ «ስለዚህ ይፈውሳል» ወደሚል መደምደሚያ መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው። ኬሊና ዳራ እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን በመረመሩበት ጊዜ የነበረው ተስፋ ሰጪ ሐሳብና ጥቂት ማስረጃ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሩስታኢና ባልደረቦቹ ባወጡት ስልታዊ ግምገማ መመዘኛውን ያሟሉት ጥናቶች 11 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ተሳታፊዎችን በዕጣ መድበው ያነጻጸሩት ሁለት ናቸው፤ የሁለቱም ውጤት የተደባለቀ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የጨመረው የጽሑፍ ብዛት እንጂ የማስረጃ ጥንካሬ አይደለም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከጥናቶቹ መካከል በተደጋጋሚ የሚጠቀሱትን ሁለቱን በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ላይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ነው። በውሃ ውስጥ ሕክምና ያገኙት ልጆች 11፣ ለማነጻጸሪያ የተያዙት 13 ነበሩ። የውሃው ቡድን በጠቅላላ የእንቅስቃሴ አቅም መለኪያ የተሻለ ውጤት አግኝቷል፤ የእንቅስቃሴ አቅምን በአምስት ደረጃ በሚከፍለው ምደባ አራተኛው ደረጃ ላይ በሚገኙት፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው መራመድ በማይችሉት ልጆች ዘንድ እንኳ የጭማሪው አማካይ 5.0 ነጥብ ሲሆን በማነጻጸሪያው ቡድን 1.3 ነበር። አንባቢን የሚያስደስት ውጤት ነው። ሆኖም 11 ልጆች በሙሉ ሲቆጠሩ አንድ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ወይም ሁለት ቢሞሉ ነው፤ ከእነርሱ መካከል በአራተኛው ደረጃ ያሉት ደግሞ ስንት እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ከዚህ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ዕድሜያቸው ነው፤ አማካዩ 85 ወር፣ ሰባት ዓመት ከአንድ ወር ያህል ነው።

ሁለተኛው ዴክለርክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ሲሆን ስለ ወጣቶች ለሚጠይቅ ሰው የሚቀርበው ይህ ነው። ተሳታፊዎቹ ከ7 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 14 ናቸው፤ በዕጣ ተመድበዋል። ዋናተኞቹ ለአሥር ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ዋኝተዋል። የመራመድና የመዋኘት ችሎታቸው ከማነጻጸሪያው ቡድን በልጦ ተሻሽሏል፤ ድካምና ሕመም አልጨመረም፤ ከሃያ ሳምንት በኋላ ሲለኩም ያገኙትን አልጣሉም። በልምምዱ እጅግ መደሰታቸውም ተመዝግቧል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። የማነጻጸሪያው ቡድን በእነዚያ አሥር ሳምንታት በየብስ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያለው አስደሳች ልምምድ አላደረገም። ስለዚህ የታየው ልዩነት በውሃና በየብስ መካከል ያለ ሳይሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጓደኛ ጋር እየተደሰቱ በመንቀሳቀስና ባለመንቀሳቀስ መካከል ያለ ሊሆን ይችላል። ውሃው ምክንያት ይሁን ሰበብ ጥናቱ አይለይም።

እዚህ ላይ የሌላ ጥናት ግኝት ከጎን ሊቀመጥ ይገባል። ሃናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ከ2 እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወጣቶች ተከታትለው የእንቅስቃሴ አቅማቸው ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ አሳይተዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ ያሉት ያገኙትን ይዘው ይቆያሉ። ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ያሉት ግን ጫፍ ከደረሱ በኋላ ማሽቆልቆል ይጀምራሉ። በአራተኛው ደረጃ ጫፉ የሚደረሰው በአማካይ በ6 ዓመት ከ11 ወር ነው፤ ከዚያ እስከ 21 ዓመት ድረስ 7.8 ነጥብ ይጠፋል። የላይ ጥናት ልጆች አማካይ ዕድሜ ሰባት ዓመት ከአንድ ወር መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ጥናቱ የተካሄደው በኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን በቁልቁለቱ ነው። ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምር፣ ክብደታቸው እናት ከምትሸከመው በላይ የሚሆን፣ ጅማታቸው ከአጥንታቸው እድገት ጋር እኩል መሄድ የሚያቅተው ጎረምሶችና ኮረዶች በአብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ በቁጥር አናሳ ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ የአገልግሎቱ አሠራር ራሱ ይህንኑ ስሕተት ይደግመዋል፤ ልጁ ሕፃን ሳለ የሚደረገው ክትትል ልጁ ሲያድግና ለማጓጓዝ ሲያስቸግር ይቀንሳል። ድጋፉ የሚቋረጠው ማሽቆልቆሉ በሚጀምርበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሐረር መመለስ ይቻላል። ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዝ ቢጀምርም በዚያ መካከል ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በቧንቧ ሽቅብ መገፋት ነበረበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ውሃን በጀሪካን ማጠራቀም የከተማው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። እንግዲህ 8 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋትና 1.20 ሜትር ጥልቀት ያለው አነስተኛ የሕክምና ገንዳ ይሠራ ቢባል፣ ለአንድ ጊዜ ሙሌት 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 2400 ጀሪካን ማለት ነው። ውሃውን ከ20 ዲግሪ ወደ 33 ዲግሪ ለማሞቅ፣ በሌሊት ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ሳይቆጠር፣ ከ720 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል። በከፍታ ላይ ባለች ከተማ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የሚያመልጠው ሙቀት ደግሞ ጥቂት አይደለም። ማጣሪያው፣ ክሎሪኑ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ ከዚህ በላይ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያየ የሆስፒታል አስተዳዳሪ ገንዳውን ቢተወው የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ የወሊድ ክፍሉ ውሃ ይቀድማልና።

የማይሞቅ ገንዳ ቢገኝስ? ማንኛውም ገንዳ ይበቃል የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። አስተያየቱ ስሕተት ነው። በደጋ አየር ያለ ያልሞቀ ገንዳ የጡንቻ መገታተር ላለበት ወጣት ሕክምና ሳይሆን ፈተና ነው፤ ከዚህም በላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውሃን እንዲጠላ ሊያደርገው ይችላል። በቀላል ደረጃ ላይ ያለና እየዋኘ ሰውነቱን ሊያሞቅ የሚችል ወጣት ሌላ ነው። ድሬዳዋ ቆላ በመሆኗ በዚያ ያለ ገንዳ በፀሐይ ብቻ ከሐረሩ ይልቅ ይሞቃል። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በባቡሩ መስመር ላይ የምትገኘው ኤረር ደግሞ ፍል ውሃ አላት፤ ከሐረር በስተ ምሥራቅ ካለው የኤረር ሸለቆ ጋር መምታታት የለባትም። ፍል ውሃ ሲባል ግን ሙቀቱ በቴርሞሜትር መለካት አለበት። ቆዳው በደንብ የማይሰማውን ወይም መናገር የማይችለውን ልጅ ማቃጠል ቀላል ነው። ወደ ወንዝና ወደ መስኖ ቦይ መውሰድማ ጨርሶ አይመከርም፤ ቢልሃርዚያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ መቆም ደግሞ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል።

ውሃ ለታመመ አካል ይበጃል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ከመጽሔቶቹ ጥናት የቀደመ መሆኑም አይዘነጋም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው በፍልውሃ ዙሪያ ነው። ብዙ የክርስቲያን ቤተሰብም ልጁን ወደ ሐኪም ከማምጣቱ በፊት ጠበል አድርሶታል። የጤና ባለሙያው ይህን ማቃለል አይገባውም፤ መጠየቅ ግን ይገባዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በጠበሉ ጊዜ ተቋርጦ እንደሆነ፣ ሲጠጣ ትን የሚለው ልጅ በአፉ ውሃ ተደርጎለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ በጥሩ ሁኔታ ያልተቆጣጠሩትን ሕመምተኛ በገንዳም ቢሆን በፍል ውሃም ቢሆን ውሃ ውስጥ ማስገባት አይገባም። ውሃ ደረትን ስለሚጫን የአተነፋፈስ ድካም ያለበትን ወጣት እስከ አንገቱ ማጥለቅም ጥንቃቄ ይሻል። ቁስል፣ ተቅማጥና ትኩሳት ያለበት ይቆይ።

ጥናቶቹ ፈጽሞ የማያነሡት ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም ውሃው ውስጥ አብሮ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው። ሐረር ሐይቅም ትልቅ ወንዝም በአጠገቧ የሌላት ከተማ ናት፤ ዋና የሚችል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይሆንም። የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ስለሆኑ ባለሙያው ራሱ ብርቅ ነው። ለኮረዶች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የሐረር እናት የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ወንድ ባለሙያ በገንዳ ውስጥ እንዲይዛት ትፈቅዳለች ብሎ ማሰብ የአካባቢውን ሥርዓት አለማወቅ ነው። ሴት ባለሙያ፣ ለሴቶች የተለየ ሰዓት፣ ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስና ልብስ የሚቀየርበት ዝግ ክፍል ካልተዘጋጀ፣ መርሐ ግብሩ በጽሑፍ ለሁሉም ቢሆንም በተግባር የወንዶች ብቻ ይሆናል። በጥናቶቹ የተመዘገበው ደስታም በዚህ ሁኔታ ወደ እፍረት ይለወጣል።

ምዕራባውያኑ ራሳቸው ነገሩን የጀመሩት ከሆስፒታል አለመሆኑ ሊታወስ ይገባል። ሃሊዊክ የሚባለው ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን በሚገኝ የአካል ጉዳተኛ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የመሠረተውም ሐኪም ሳይሆን ጄምስ ማክሚላን የተባለ መሐንዲስ ነው። ተማሪዎቹ ያለ ተንሳፋፊ ጎማ በውሃ ውስጥ ሚዛናቸውን መጠበቅ እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ግቡ ልጆቹ ዋናተኛ እንዲሆኑ ነበር እንጂ ጡንቻን ማላላት አልነበረም። መጽሔቶቹ በኋላ ላይ የእንቅስቃሴ ነጥብ እየለኩ ሲሄዱ ይህ መነሻ ደብዝዟል።

የአሁኑ መመሪያ ደግሞ ወደዚያው መነሻ ይመልሳል። ጃክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ግቡን ልጁ ወይም ወጣቱ ራሱ እንዲመርጥ፣ ልምምዱም የተግባሩ ሙሉ አካል ሆኖ ተግባሩ በሚፈጸምበት እውነተኛ ቦታ እንዲደረግ ያሳስባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ገንዳ ትክክለኛ ቦታ የሚሆነው ወጣቱ መዋኘት ሲፈልግ ነው። ፍላጎቱ በደረጃ መውጣት ከሆነ የሚለማመደው በደረጃ ላይ ነው። በሐረር ደግሞ ይህ ቦታ በየቤቱ አለ። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ በውስጡ ከፍታቸው የሚለያይ ነደባዎች የተደረደሩበት ነው። ከዝቅተኛው ነደባ ተነሥቶ መቆም፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው አንድ እግር አንሥቶ መውጣት፣ ተመልሶ በቁጥጥር መውረድ፣ ይህ ሁሉ የጭንና የዳሌ ጡንቻን በየብስ ላይ የሚያሠራ ደረጃ ያለው ልምምድ ነው። ከጁገል ውጭ ባለ ቤት ያለው የጭቃ መደብም ያገለግላል። ገንዳን የሚመኝ ባለሙያ ነደባን እንደ እንቅፋት ብቻ ካየው፣ በእጁ ያለውን መሣሪያ አላየም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወጣት ነደባውና ድንጋያማው ቁልቁለት በእርግጥም እንቅፋት መሆኑን ግን መካድ አይቻልም፤ ለእርሱ ሌላ ዕቅድ ያስፈልጋል።

የመጠኑ ጉዳይም አለ። ቬርሹረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት ምክር የልብና የሳንባ ልምምድ ለጀማሪ በሳምንት ከአንድ እስከ ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሦስት ጊዜ ማደግ፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ የጡንቻ ማጠንከሪያውም በሳምንት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ፣ በተከታታይ ባልሆኑ ቀናት ይደረጋል። በወር አንድ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ መዋኘት ከዚህ መጠን ጋር ሲነጻጸር ሽርሽር ነው። ሽርሽርም መጥፎ አይደለም፤ ከቤት ለማይወጣ ወጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ሕክምና ብሎ መመዝገብ ግን አያስፈልግም። ውሃው ቦታ የሚኖረው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛው በየብስ ላይ ሸክሙ ለማይቻለው፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚያገግም ወጣት ለተወሰኑ ተከታታይ ሳምንታት ሲሰጥ ነው፤ ይህም ሞቃት ገንዳ ባለበት ከተማ በዘመድ ቤት ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወጣቱ ራሱ ዋናን ሲመርጥ ነው። ከዚህ ውጭ ሊተርፍ የሚገባው ደስታውና ጓደኛው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሦስት ወጣቶችን በአንድ ግቢ ማሰባሰብ ገንዳ አይጠይቅም፤ ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚሰበሰቡበት አፎቻ ለዚህም ሰው ሊያስተባብር እንደሚችል መሞከሩ አይከፋም።

ልኬቱ ግን መቅረት የለበትም። የመለኪያ ሰነድና የሠለጠነ መዛኝ በሌለበት እንኳ ወጣቱ የመረጠውን መንገድ መለካት ይቻላል። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ፈረስ መጋላ በእግሩ መድረስ ከፈለገ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ ስንት ጊዜ እንዳረፈ፣ በማን እጅ እንደተደገፈ በካርዱ ላይ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ልምምዱ ሳይጀመር፣ አንድ ጊዜ ከአሥር ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ልምምዱ ካበቃ ከሃያ ሳምንት በኋላ።